«ቫልቭ መቀየር ያስፈልገዋል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ለአንዲት ወጣት የልብ ሕመምተኛ የእርዳታ ጥሪ ይተላለፍ ነበር። የዝግጅቱ እንግዳ «ኢኮው ከባድ ነው ብሏል፤ ታዲያ ሐኪሞቹ ምን ይጠብቃሉ? ገንዘቡ ተገኝቶ ሕንድ ሄዳ ቫልቩ ከተቀየረላት ዳነች ማለት ነው» አለ። የልብ ሐኪም ነኝና ይህን አባባል በልዩ ልዩ መልኩ ስሰማው ኖሬያለሁ። እርዳታ መጠየቁን አልቃወምም። የምቃወመው የኢኮ፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ የሚደረግ የልብ ምርመራ፣ ወረቀት ላይ «ከባድ» የሚል ቃል ሲታይ ውሳኔው እንዳለቀ መቆጠሩን ነው።

«ከባድ» የሚባለው ቫልቩ፣ ማለትም ደም ወደ ፊት ብቻ እንዲያልፍ የሚከፈትና የሚዘጋው የልብ በር፣ ነው። የጤነኛ ጎልማሳ ማይትራል ቫልቭ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ሲሆን ከባድ ጥበት እንለዋለን። ለአኦርቲክ ቫልቭ መለኪያው 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ይህች ልጅ ባትታከም ምን ይጠብቃታል? ብትታከምስ? ጥቅም የምንለው የሁለቱን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ደግሞ ከቫልቩ ይልቅ ቫልቩ በልብ ጡንቻና በሳንባ ላይ ባደረሰው ጉዳት ይወሰናል።

የግራውን የታችኛውን የልብ ክፍል በመጋዘን ውስጥ እንደሚሠራ ሸክመኛ አስቡት። ጆንያው በኋላ በር፣ ማለትም በማይትራል፣ ይገባል፤ ሸክመኛው በፊት በር፣ በአኦርቲክ፣ ያወጣዋል። የኋላው በር ሲጠብ ጆንያው ደጅ ላይ ይከመራል። ደጁ ሳንባ ነው፤ ሕመምተኛዋ ጋደም ስትል የሚያፍናትም ለዚህ ነው። ሸክመኛው ግን የሚደርሰው ጆንያ ጥቂት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አልደከመም፤ በሩ ሲከፈትለት ሥራውን ይቀጥላል። በሳንባ ውስጥ ያለው የደም ግፊት ከፍ ማለቱም ብቻውን «አበቃላት» አያሰኝም፤ በሩ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። የፊት በር ከጠበበ ደግሞ ሸክመኛው እያንዳንዱን ጆንያ በትግል ያሾልካል፤ ጡንቻው ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም ይዝላል። በሩ ሲሰፋለት ሸክሙ ይቀልለታል።

መከራው የኋላው በር አልዘጋ ሲል ነው። ካነሣው ጆንያ ገሚሱ ሾልኮ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ያንኑ መልሶ ያነሣዋል። ኢኮ ላይ «ኢኤፍ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ስንት እጁ እንደተነሣ ይቆጥራል እንጂ በየትኛው በር እንደወጣ አይጠይቅም። ስለዚህ ማይትራል ክፉኛ በሚያፈስበት ሰው ላይ 60 በመቶ የሆነ ኢኤፍ ደህና መስሎ የሚታይ ማስጠንቀቂያ ነው። ሕመምተኛው ምንም ባይሰማውም እንኳ ኢኤፉ 60 እና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ልቡ በተኮማተረበት ቅጽበት ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ቀዶ ሕክምና እንመክራለን። ኢኤፉ ወርዶ 30 እስኪሆን ከቆየ ግን ነገሩ ይከፋል። የሚያፈሰው በር ሲዘጋ ቀላሉ መውጫ ይጠፋል፤ የዛለው ሸክመኛ ሁሉንም በፊት በር እንዲያወጣ ይገደዳል፣ አንዳንዴም አይችለውም። ያው 30 በአኦርቲክ ጥበት ቢመጣ ተቃራኒ ነው የምለው፦ ቶሎ ይታከም፣ ልቡ የማገገም ዕድል አለው።

እንግዳው «ምን ይጠብቃሉ?» ላለው መልሱ፣ ብዙ ጊዜ የምንጠብቀው ምልክት ነው። የልብ ሐኪሞቹ ሮስና ብራውንዋልድ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳዩት የአኦርቲክ ጥበት ያለበት ሰው ለረጅም ዓመታት ደህና ይኖርና ደረት ማመም፣ ራስን መሳት ወይም ትንፋሽ ማጠር ከጀመረው በኋላ ዕድሜው በጥቂት ዓመታት ይቆጠራል። ጭንቁ ምልክት የለም የሚለው ቃል አለመታመኑ ነው። አንዲት ሕመምተኛ «ትንፋሽ ያጥርሻል?» ስትባል «አያጥረኝም» ትላለች። እናትየዋን ውሃ ማን እንደሚቀዳ ብትጠይቋት ካለፈው ክረምት ወዲህ ታናሽ እህቷ መሆኗን ትነግራችኋለች። አልደከማትም፤ የሚያደክመውን ትታዋለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ አብሬያት ደረጃ እወጣለሁ፤ ፎቅ ሳንጨርስ ቆማ መቀነቷን የምታስተካክል ከመሰለች መልሴን አገኘሁ።

መታከም አለባት ማለትም ገና ቅየራ ማለት አይደለም። በሩማቲክ ሕመም፣ ማለትም የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ ቫልቭን በሚጎዳ በሽታ፣ የተጣበቀ፣ ነገር ግን ያልጠጠረና ብዙ የማያፈስ ማይትራል፣ ጃፓናዊው ኢኖዌ በጀመረው፣ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ (ባሉን) ደረት ሳይከፈት ሊላቀቅ ይችላል። ሊጠገን የሚችል ቢጠገን እመርጣለሁ። ቅየራ የሚመጣው እነዚህ ሲያቅቱ ነው፤ ያኔም ዋጋው ለሕንዱ ሆስፒታል በሚከፈለው አያበቃም። የብረት ቫልቭ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የተባለ ደም ማቅጠኛ ይፈልጋል፤ የማይትራል ከሆነ የደሙ ቅጥነት መለኪያ፣ አይኤንአር፣ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። መለኪያው ባለበት ከተማ መኖርና ከዚያ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ መኖር ለዚህ ውሳኔ አንድ አይደሉም። አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ይተኩታል የሚል ካለ አይስሙት፤ ከእነርሱ አንዱ፣ ዳቢጋትራን፣ በብረት ቫልቭ ላይ ተሞክሮ ጉዳቱ ስላመዘነ ጥናቱ ተቋርጧል። ዋርፋሪን ደግሞ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ የኛ ሕመምተኞች በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ከእንስሳ የሚሠራው ቫልቭ ከዚህ ያድናል፤ ነገር ግን በወጣት ሰውነት ቶሎ ያረጅና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃታል። ከአሳማ ነው ከበሬ የሚለው ጥያቄ በቤተሰብ ዘንድ ብዙ ያከራክራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ልጅ መውለድ ታስብ እንደሆነ ነው።

አሜሪካ ያሉ ልጆቻቸው የሚወስዷቸው አረጋውያን ጉዳይ ሌላ ነው። የእነርሱ ሕመም ባብዛኛው በዕድሜ የጠጠረ አኦርቲክ ነው፤ ፈረንሳዊው ክሪቢዬ እ.ኤ.አ. በ2002 በጀመረው ዘዴ አዲሱ ቫልቭ በደም ሥር ይገባላቸዋል። ቀዶ ሕክምና አይችሉም በተባሉ ሰዎች ላይ በተደረገው ፓርትነር ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ቫልቭ ካልገባላቸው 50.7 በመቶ፣ ከገባላቸው 30.7 በመቶ ሞተዋል። ሰዎች የመጀመሪያውን ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ሁለተኛውንም አነብላቸዋለሁ። ቫልቩ በትክክል ገብቶም ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሞቷል፤ ኩላሊትና ሳንባ የደከመበት፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው በቫልቭ ብቻ አይነሣም።

«ዳነች» የሚለው ይቀራል። በሩማቲክ ሕመም ቫልቩ የተቀየረለት ሰው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሐኪሙ አቁም እስኪለው ይቀጥላል፤ ሕመሙን የሚያስነሣው የጉሮሮ ጀርም ተመልሶ ከመጣ ያልተቀየሩት ቫልቮች ሊጎዱ ይችላሉ። ከውጭ ሲመለሱ «ተቀይሮልኛል እኮ» ብለው መርፌውን ያቋረጡ ሕመምተኞች በሁለተኛው ቫልቭ ታመው ይመጡብናል።