ኮሪያኛ ለሚጀምር አማርኛ ተናጋሪ፦ ስለ አነባበቡ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ ኮሪያኛ አነባበብ ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፉ አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ጀማሪውን የሚያሳስቱትም ለዚህ ነው።

«ፊደሉ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ንባቡም ቀላል ነው»

ፊደሉስ እውነትም ቀላል ነው። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 እ.ኤ.አ. ያወጁት ተራው ሕዝብ በቶሎ እንዲማረው ብለው ነው። ያኔ 28 የነበሩት ፊደላት ዛሬ 24 ናቸው፤ የተጋ ሰው በጥቂት ቀን ይይዛቸዋል። ነገር ግን የሚጻፈውና የሚነበበው ሁልጊዜ አይገጥምም። ድራማ የሚያይ ሁሉ «ካምሳሃምኒዳ» (አመሰግናለሁ) የሚለውን ያውቃል። መጨረሻው ላይ «ሃምኒዳ» ተብሎ ይሰማ እንጂ የሚጻፈው «ሃፕኒዳ» ተብሎ ነው፤ ፕ ከን ፊት ሲመጣ ም ይሆናል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «አንበሳ» ብለን እየጻፍን «አምበሳ» እንል የለ?

ሌላም አለ። «ልብስ» ማለት የሆነው ቃል ሲጻፍ በስ ያልቃል፣ ብቻውን ሲነበብ ግን «ኦት» ነው፤ ያውም ምላስ ትውን ነክቶ እዚያው ይቀራል እንጂ አይለቀቅም። «ኢ» ሲጨመርበት ደግሞ ስው ተመልሶ «ኦሺ» ይሆናል። በክፍለ ቃል መጨረሻ የሚሰሙት ተነባቢዎች ሰባት ብቻ ናቸው፤ የተቀሩት ፊደላት ሁሉ ወደ እነዚህ ይጠቀለላሉ።

«ለጊዜው በላቲን ፊደል አነባለሁ፣ የእነሱ ፊደል ይደርሳል»

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚጎዳው ይሄኛው ነው። ዋና ከተማዋን «ሴኡል» የምንላት የላቲኑን አጻጻፍ ተከትለን ነው። ላቲኑ «e» እና «o»ን አጣምሮ የሚጽፈው ድምፅ ግን አንድ አናባቢ ነው፤ ከግዕዙ «ሰ» አናባቢ ብዙም አይርቅም፣ አፍ ትንሽ ከፈት ማለት ብቻ ነው። «ሰኡል» ብንል ይቀርባል። የፊደላቸው ስምም «ሃንጉል» ከሚባል «ሃንግል» ቢባል ይሻላል፤ ሁለተኛው አናባቢ የእኛ ሳድስ ነው ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በእነዚህ ሁለት ድምፆች ሲታገል እኛ አብረውን አድገዋል። በላቲን በኩል የሚዞር አማርኛ ተናጋሪ በእጁ ያለውን ጥሎ ነው የሚሄደው።

«ጠበቅ ያሉት ድምፆቻቸው የእኛ ጠ፣ ቀ፣ ጰ፣ ጨ ናቸው»

እዚህ ላይ ደግሞ አማርኛችን ያጠምደናል። «ጨረቃ»፣ «ጭምብል» እና «ሴት ልጅ» የሚሉት የኮሪያኛ ቃላት ለጀማሪ ጆሮ ሦስቱም «ታል» ናቸው። የመጀመሪያው ላላ ያለ ነው። ሁለተኛው ትንፋሽ ገፍቶ ይወጣበታል። ሦስተኛው ጉሮሮ ጠበቅ ብሎ ያለ ትንፋሽ ይባላል፤ ይህንን ነው የእኛ ሰው «ጣል» የሚለው።

«ጠ» ስንል ጉሮሯችን ተዘግቶ ወደ ላይ ይነሣል፣ የታመቀው አየር ይፈነዳል፣ አናባቢው ከመምጣቱ በፊትም ቅንጣት ታህል ዝምታ አለች። በኮሪያኛው ፍንዳታውም ዝምታውም የለም፤ አናባቢው ከተፍ ይላል። የተሻለው መነሻ «መታ» ውስጥ ያለው፣ ጠብቆ የሚነበበው «ታ» ነው። «መ»ን በልብ ብቻ ብሎ፣ ምላስን እዚያው ይዞ ቆይቶ «ታ» ላይ መልቀቅ። «ኦፓ» (ሴት ታላቅ ወንድሟን የምትጠራበት) ውስጥም «ፓ»ው እንዲሁ ይጠብቃል። ስስ ወረቀት ከአፍ ፊት ቢያዝ፣ ጭምብሉ ላይ መርገብገብ፣ ሴት ልጅ ላይ ጸጥ ማለት አለበት።

ላላ ያለው ድምፅ ደግሞ እንደ ቦታው ይለዋወጣል። «ባልና ሚስት» ማለት የሆነው ቃል አንዱን ፊደል ሁለቴ ይጽፋል፤ የሚሰማው ግን ወደ «ፑቡ» ያደላል። በአናባቢዎች መካከል ሲገባ ይለሰልሳላ።

«ኮሪያውያን ረ እና ለን አይለዩም»

ሁለቱንም ይላሉ፤ ፊደሉ ነው አንድ የሆነው። «ውሃ» «ሙል» ነው፤ «ኢ» ሲከተለው «ሙሪ» ይሆናል።

«እንደ ቻይንኛ በዜማ ቃል ይለያል»

የሰኡሉ መደበኛ አነጋገር እንደ ቻይንኛ አይደለም። ሆኖም የዛሬ ወጣቶች የቃል መነሻ ላይ «ጨረቃ»ን ከ«ጭምብል» የሚለዩት ከትንፋሹ ይልቅ በድምፅ ከፍታ ነው፤ ላላ ያለው ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከፍ ብለው። ስለዚህ ወረቀቱ ተርገብግቦም ሰሚው ግር ካለው፣ መጮህ ሳይሆን ዜማውን ከፍ ማድረግ ነው። በደቡብ ምሥራቅ፣ በቡሳንና በዴጉ አካባቢ ግን በእርግጥም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻ የሚለዩ ቃላት አሉ፤ ከዚያ የመጣ አስተማሪ የገጠመው ተማሪ ዜማ ሰማሁ ቢል አልተሳሳተም።