የማዴሊን ማካን መጥፋት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንግሊዛዊቷ ሕፃን ማዴሊን ማካን በደቡብ ፖርቱጋል ከምትገኘው ፕራያ ዳ ሉዝ ከተባለች የባሕር ዳርቻ መንደር የጠፋችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 3 ቀን 2007 ምሽት፣ 4ኛ ዓመቷን ልትይዝ 9 ቀን ሲቀራት ነው። የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስለ እርሷ ያልተወራ ነገር የለም፤ የሚያሳዝነው ግን አብዛኛው ወሬ «ልጅቷ የት ናት?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ጥፋተኛው ማን ነው?» በሚለው ላይ መቆሙ ነው። ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር እንደተረጋገጠ ነገር ሲነገሩ ከምሰማቸው መካከል ጥቂቶቹን እዚህ አንሥቻለሁ።

«ወላጆቹ ሦስት ሕፃናትን ቤት ውስጥ ጥለው ከተማ ወጥተው ሲዝናኑ አመሹ» ይባላል። ወላጆቹ ከሰባት ጓደኞቻቸው ጋር እራት የበሉት እዚያው መዝናኛ ግቢ ውስጥ፣ ካረፉበት ቤት በእግር 80 ሜትር ያህል በሚርቅ ምግብ ቤት ነው፤ በየተራ እየተነሡም ልጆቹን ያዩ ነበር። አባትየው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ገብቶ ልጆቹ ተኝተው አይቷል። 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጓደኛቸው ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ከቆመበት ቦታ የማዴሊንን ታናናሽ መንትዮች እንጂ የእርሷን አልጋ አላየም። እናትየው 4 ሰዓት ላይ ስትገባ የ2 ዓመት መንትዮቹ እንደተኙ ናቸው፤ ማዴሊን አቅፋው የምትተኛው ሮዝ የድመት አሻንጉሊት አለ፣ እርሷ ግን የለችም። ይህን ማስተካከል ወላጆቹን ከወቀሳ ለማዳን አይደለም፤ በግቢው በኩል ያለው በር አልተቆለፈም ነበር፣ ልጆቹን ብቻቸውን በመተዋቸው እንደሚጸጸቱም ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ሰዓቱን በትክክል ማወቅ የሚያስፈልገው ለፍለጋው ነው፦ ልጅቷ የጠፋችው «ሌሊቱን ሙሉ» በሚባል ጊዜ ውስጥ ሳይሆን አንድ ሰዓት በማይሞላ ክፍተት ነው።

ከሁሉም ሥር የሰደደው «ውሾቹ የሬሳ ሽታ አግኝተዋል፣ ዲኤንኤውም አረጋግጧል» የሚለው ነው። በ2007 ክረምት ከእንግሊዝ ሁለት አነፍናፊ ውሾች መጥተው፣ አንዱ የሬሳ ሽታን፣ ሌላዋ ደምን እንዲፈልጉ ተሰማርተው እንደነበር እውነት ነው፤ በመኖሪያው ክፍልና ወላጆቹ በተከራዩት መኪና ውስጥም ምልክት ሰጥተዋል። ነገር ግን መኪናው የተከራየው ልጅቷ ከጠፋች ከ3 ሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ክፍሉም ቢሆን በዚያች ሌሊት ብዙ ሰው ሲገባና ሲወጣበት ያመሸ፣ ከዚያም በኋላ ሌሎች እንግዶች ያረፉበት ነው። የውሾቹ አሠልጣኝ ራሱ፣ የውሻ ምልክት በሌላ ማስረጃ ካልተደገፈ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ጽፏል።

ያ ሌላ ማስረጃ ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው በበርሚንግሃም ቤተ ሙከራ የተመረመረው ናሙና ነበር። ከማዴሊን 19 የዘረመል መለያዎች 15ቱ ከመኪናው በተወሰደ ናሙና ውስጥ መገኘታቸው ሲሰማ፣ «15 ከ19» የሚለው ቁጥር ዓለምን ዞረ። ናሙናው ግን የአንድ ሰው አልነበረም፤ ቢያንስ የሦስት ሰዎች ዘረመል የተደባለቀበት ነበር፣ በውስጡም በጠቅላላው 37 መለያዎች ታይተዋል። ከብዙ ሰው የተደባለቀ ነገር ውስጥ የአንድን ሰው መለያዎች ለቅሞ ማውጣት ከባድ አይደለም፤ በተለይ ከአባት፣ ከእናት፣ ከእህትና ከወንድም ጋር የምትጋራቸው ሲሆኑ። ምርመራውን ያደረገው ባለሙያ ከእነዚሁ መለያዎች የተወሰኑት በእርሱና በሥራ ባልደረቦቹም ዘረመል ውስጥ እንደሚገኙ ገልጾ፣ ውጤቱ ትርጉም ያለው መደምደሚያ ለመስጠት እጅግ የተወሳሰበ መሆኑን ለመርማሪዎቹ አሳውቋቸዋል። ቁጥሩ ተሰራጨ፣ ማብራሪያው ግን ፋይል ውስጥ ቀረ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

«ፖሊስ ወላጆቹን ከሷቸው ነበር» የሚለውም ከዚሁ የመጣ ነው። በሴፕቴምበር 2007 የተሰጣቸው በፖርቱጋል ሕግ «አርጊዶ» የሚባል ቦታ ሲሆን፣ ትርጉሙ ተጠርጥሮ የሚመረመር፣ ጠበቃ የማቆምና ያለመናገር መብት ያለው ሰው ማለት ነው፤ ተከሳሽ ማለት አይደለም። በጁላይ 2008 ዐቃቤ ሕግ ወንጀል መፈጸማቸውን የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። የፖርቱጋል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ባስተላለፈው ውሳኔ መዝገብ መዘጋት በራሱ የንጽሕና ማረጋገጫ አለመሆኑን መናገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልተከሰሰን ሰው ወንጀለኛ አያደርገውም። በወላጆቹ ላይ ያልተረጋገጠ ነገር ከጻፉት መካከል የኤክስፕረስ ጋዜጦች አሳታሚ በ2008 በፊት ገጹ ይቅርታ ጠይቆ 550,000 ፓውንድ ካሳ ከፍሏል፤ ገንዘቡም ለልጅቷ ፍለጋ ዋለ።

«ሕፃን ታቅፎ ሲሄድ የታየው ሰው ጠላፊው ነው» የሚለው እምነት ምናልባት ፍለጋውን ከሁሉ በላይ ሳይጎዳ አልቀረም። ከቤተሰቡ ጓደኞች አንዷ 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ እንዲህ ያለ ሰው ማየቷን ተናግራ ነበር፤ ሥዕሉም ለዓመታት ተሰራጨ። በ2013 የለንደን ፖሊስ ያ ሰው የገዛ ልጁን ከሕፃናት ማቆያ ይዞ የሚመለስ እንግሊዛዊ እንግዳ ሳይሆን እንደማይቀር አስታወቀ። ትኩረቱም አንድ የአየርላንድ ቤተሰብ 4 ሰዓት ገደማ ወዳየው፣ ሕፃን ተሸክሞ ወደሚሄድ ሌላ ሰው ዞረ። ሰዉ ሁሉ ስድስት ዓመት ሙሉ ምስሉን ይዞ ሲፈልግ የኖረው አንድን አባት ነበር ማለት ነው።

«ጀርመናዊው ተፈርዶበታል፣ ጉዳዩ አብቅቷል» የሚሉም አሉ። የጀርመን ዐቃቤ ሕግ በ2020 አንድ ጀርመናዊ እንደሚጠረጠር እና ልጅቷ ሞታለች ብሎ እንደሚያምን ገልጿል። ሰውየው ታስሮ የቆየው ግን በዚያችው መንደር በ2005 በአንዲት የ72 ዓመት አሜሪካዊት ላይ በፈጸመው አስገድዶ መድፈር ነው፤ በሴፕቴምበር 2025 ቅጣቱን ጨርሶ ወጥቷል። በማዴሊን ጉዳይ ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ክስ አልተመሠረተበትም፣ እርሱም ይክዳል።

የመጨረሻው «ተገኝታለች» የሚለው ነው። በ2023 አንዲት ፖላንዳዊት ወጣት ማዴሊን እኔ ነኝ ስትል፣ ዓይኗ ላይ ያለ ምልክት እንደ ማስረጃ ተወሰደ፤ ማዴሊን በቀኝ ዓይኗ ከብሌኑ ወደ ጠርዙ የሚዘልቅ ጥቁር መስመር ነበራትና። የዲኤንኤ ምርመራ አለመሆኗን አሳየ። ማዴሊን የተወለደችው ሜይ 12 ቀን 2003 ነው፤ በሕይወት ካለች ከ20 ዓመት በላይ የሆናት ወጣት ናት፤ የለንደን ፖሊስም በ2011 የጀመረውን ምርመራ የያዘው በጠፋ ሰው ፍለጋ ነው።