ሁለት ሆኖ መጥለቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የተባለው ለዳይቪንግ ይመስላል። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ (ኦክስጅን አይደለም፣ ይሄው የምንተነፍሰው ተራ አየር ታምቆ ነው) ቀይ ባሕር የሚገባ ሰው ከባዲው ጋር ነው የሚገባው። ባዲ ማለት ጥንድህ ነው፤ አንተ እሱን፣ እሱ አንተን የሚጠብቅ። ግን ሳይነጋገሩ የገቡ ሁለት ሰዎች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጎን ለጎን የሚዋኙ ብቸኞች ናቸው። እስራኤል፣ ኢላት ውስጥ ከእኛ ልጆች ጋር ስጠልቅ ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች፣ የራሴንም ጥፋት ጨምሬ፣ ልዘርዝራቸው።

«አውራ ጣት ማንሳት ደህና ነኝ ማለት ነው»

አይደለም! «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አውራ ጣት ስንልክ ስለምንውል እጃችን ለምዶብናል። ገና ጀማሪ ሳለሁ ባዲዬ «ደህና ነህ?» ስትለኝ አውራ ጣቴን ቀሰርኩላት። እሷም ቀሰረችና ይዛኝ ወጣች። ላይ ስንደርስ «ምን ሆንክ?» «ምንም! ደህና ነኝ ነው ያልኩሽ!» የዚያን ቀን ዳይቭ በዚሁ አለቀ። ጥፋቷ ግን አልነበረም፤ «እንውጣ» የሚል ምልክት ውሃ ውስጥ ክርክር የለበትም።

ደህና ለማለት አውራ ጣትና አመልካች ጣትን ክብ አድርጎ መግጠም ነው። ችግር ካለ መዳፍን ዘርግቶ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ችግሩ ያለበትን መጠቆም፤ ጆሮ ከሆነ ጆሮን። አየር ካለቀ እጅን አንገት ላይ እንደ ቢላ ማስኬድ። ለምልክት ደግሞ በምልክት ይመለሳል። ራስ መነቅነቅ አይታይም፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «እ» የምንላት የሐበሻ «አዎ» ደግሞ እዚያ ታች አየር ከማባከን ሌላ ጥቅም የላትም።

«ካስፈለገ እጮሃለሁ»

ድምፅ ውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከ4 እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ጆሮ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። ሲሊንደርህን በብረት ብታንኳኳ ባዲህ ይሰማል፣ ግን ዙሪያውን ሁሉ መቃኘት አለበት። ሩቅ ከሆንክ አበቃ። በአንድ ትንፋሽ ልትደርስበት የምትችልበት ርቀት ላይ ሁን።

«እሱ ልምድ ስላለው እኔን ያየኛል»

እሱንስ ማን ይየው? ልምድ ያለው ሰውም የእግሩ ጡንቻ ይሸማቀቃል፣ የእሱም መተንፈሻ ሊበላሽ ይችላል። ወደ 30 ሜትር ሲጠጋ ደግሞ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ጭንቅላት ላይ ይወጣል፤ እንደ ጠጪ ነው፣ የሰከረው ራሱ «አልሰከርኩም» ይላል፤ የሚያውቅለት አጠገቡ ያለው ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ተያዩ። የሚያንሳፍፈው ጃኬት ይነፋል? ለመስጠም የሚታጠቀው ክብደት የት ነው፣ እንዴትስ ይፈታል? ሲሊንደሩ ተከፍቷል? ትርፉ መተንፈሻ፣ ያ ብዙ ጊዜ ቢጫ የሆነው፣ በየት በኩል ነው? አንተ የእሱን፣ እሱ የአንተን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«አየሬ ሊያልቅ ሲል እነግረዋለሁ»

ይሄኛው በጣም የሚያናድደኝ ነው። እስቲ ሂሳቡን እንስራው። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ከውሃው በላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 20 ሜትር ላይ ግፊቱ 3 እጥፍ ስለሆነ 60 ሊትር ይተነፍሳል። 50 ባር ቀርቶሃል እንበል፤ 600 ሊትር፣ ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ። በዚህ መሃል የባዲህ አየር ቢያልቅና ካንተ ቢካፈል 5 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ያውም ሁለታችሁም ሳትደነግጡ። የደነገጠ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚተነፍስ ታውቃለህ። በደቂቃ 9 ሜትር ብትወጡ መውጫው ብቻ 2 ደቂቃ ያልፋል፣ 5 ሜትር ላይ የ3 ደቂቃ እረፍትም አለ። ወደ ላይ ስትወጡ ግፊቱ እየቀነሰ አየሩ ትንሽ ቢበረክትም፣ ለድንጋጤ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው ተጠያየቁ፤ ከሁለታችሁ አንዱ 100 ባር ሲደርስ፣ ያኛው 150 ቢኖረውም፣ ሁለታችሁም ትዞራላችሁ። ይህን ቁጥር ግን የብስ ላይ ነው የምትስማሙት።

«ከጠፋብኝ እስካገኘው እፈልገዋለሁ»

አንድ ደቂቃ ብቻ ፈልግ። ካላገኘኸው ቀስ ብለህ ውጣና ላይ ጠብቀው። ሁለቱም ይህን ካላወቁ ግን አንዱ ላይ ይጨነቃል፣ ሌላው ታች አየሩን ይጨርሳል።

«አቋርጬ ብወጣ ምን ይለኛል?»

ይሉኝታ! ጆሮው እያመመው፣ ባዲው ከፍሎ መጣ፣ መኪና ነድቶ መጣ እያለ ዝም ብሎ የሚወርድ ስንቱን አይቻለሁ። የዳይቪንግ ሕግ ግልጽ ነው፦ ማንም፣ መቼም፣ ምክንያት ሳይሰጥ ማቋረጥ ይችላል፣ ሌላው አይቆጣም። እኔ ያንን ለባዲዬ ገና ስንለብስ እነግረዋለሁ፣ እሱም ይነግረኛል። ባለፈው 4 ሜትር ላይ ጆሮዬ እምቢ አለኝና ጠቆምኩት፤ እኔ ሳልቀድመው እሱ አውራ ጣቱን አነሳ። ወጥተን ማዶ የዮርዳኖሷን አቃባን እያየን ሻይ ጠጣን። ሂሳቡን የከፈለው እሱ ነው።