ኳርትዝሳይት፦ በአሪዞና በረሃ የጡረተኞች የብርድ ወራት ማሳለፊያ

ኳርትዝሳይት በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ፣ በላፓዝ ካውንቲ የምትገኝ ትንሽ የበረሃ ከተማ ናት። ኢንተርስቴት 10 የሚባለው አውራ ጎዳና ከሌላው አውራ ጎዳና ከዩኤስ 95 ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ከፊኒክስ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር፣ አሪዞናን ከካሊፎርኒያ ከሚለየው ከኮሎራዶ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 2,413 ነበሩ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን በዙሪያዋ ያለው ሜዳ በአርቪ፣ ማለትም መኝታ፣ ማድቤትና መጸዳጃ ባላቸው ተሽከርካሪ ቤቶች ይሞላል። አብዛኞቹ ባለቤቶች ከሰሜኑ የአሜሪካ ግዛቶችና ከካናዳ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ጡረተኞች ናቸው። አገሬው ‹‹ስኖውበርድ››፣ የበረዶ ወፍ፣ ይላቸዋል።

ይህን ዳሰሳ ያዘጋጀሁት ስለ ከተማዋ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ነው። በጭነት መኪና ለዓመታት ሳቋርጣት ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ብርዱን የማሳልፈው እዚሁ ነው። የተጠቀምኩት በከተማዋ ሙዚየም ያለውን፣ በግመል ነጂው በሃይ ጆሊ መቃብር ሐውልት ላይ የተጻፈውንና የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ለሰፋሪዎች የሚያድለውን ወረቀት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቃል ግን ከወዲሁ መጥራት አለበት። መዝገበ ቃላቶቻችን የፈረንጆቹን ዊንተር ‹‹ክረምት›› ብለው ይፈቱታል፤ እኛ ግን ክረምት የምንለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ጊዜ ነው። የኳርትዝሳይት የሰፈራ ወቅት ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ሲሆን በእኛ ከመስከረም 5 እስከ ሚያዝያ 7 አካባቢ፣ ከሞላ ጎደል በጋ ነው። ስለዚህ እዚህ ‹‹የብርድ ወራት›› የሚለውን መርጫለሁ።

አቀማመጥና የአየር ጠባይ

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 270 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የላ ፖሳ ሜዳ ላይ፣ በሶኖራ በረሃ ውስጥ ተቀምጣለች። በስተምዕራብ የዶም ሮክ፣ በስተምሥራቅ የፕሎሞሳ ተራሮች ያዋስኗታል። በጥር ወር ቀኑ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ግን እስከ 5 ዲግሪ ይወርዳል፣ አልፎ አልፎም ውርጭ ይጥላል። ‹‹ሞቃት ቦታ›› ሲባል ሰምቶ ብርድ ልብስ ሳይዝ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ይቸገራል። በበጋቸው፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን በሜዳው ላይ የሚቀር ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ዝናብ ብርቅ ነው። ሲመጣ ግን መሬቱ ደንድኖ ውሃ ስለማያሰርግ፣ ደረቅ የነበረው የወንዝ ሸለቆ በደቂቃዎች ውስጥ በደራሽ ጎርፍ ይሞላል። አገሬው እነዚህን ሸለቆዎች ‹‹ዋሽ›› ይላቸዋል። አሸዋቸው ለስላሳ፣ ዛፋቸውም ጥላ ያለው ስለሆነ አዲስ ሰው መኪናውን የሚያቆመው እዚያ ነው፤ መቆም የሌለበት ቦታ ደግሞ እሱ ነው። ነፋሱም ቀላል አይደለም፤ የአርቪን የጥላ ሸራ ዘርግቶ ገበያ የሄደ ሰው ተሰባብሮ ሊያገኘው ይችላል። በአሪዞና አቧራ ውስጥ ‹‹ቫሊ ፊቨር›› የሚባለውን የሳንባ ሕመም የሚያመጣ ፈንገስ አለ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ይበልጥ ስለሚጠቁበት፣ የማይለቅ ሳልና ድካም የያዘው ሰው በረሃ ላይ መክረሙን ለሐኪሙ ሊነግረው ይገባል።

ከታይሰን ጉድጓድ እስከ ኳርትዝሳይት

ቻርልስ ታይሰን የተባለ ሰው በ1856 እዚህ አነስተኛ ምሽግ ሠራ ይባላል። አንዳንዶች ዓመቱን ወደ 1860ዎቹ ይገፉታል። የታይሰን ጉድጓድ ውሃ ከኮሎራዶ ወንዝ ወደብ ከኤረንበርግ ወደ መሐል አሪዞና ለሚሄደው የፈረስ ሠረገላ ማረፊያ ሆነ። ያ የጭቃ ጡብ ቤት ዛሬም ቆሞ የከተማዋ ሙዚየም ሆኗል። በ1870ዎቹ በዚህ ያለፈች የአንድ መኮንን ባለቤት ቦታውን ክፉኛ አጥላልታ ጽፋለች። በቀትር ፀሐይ፣ በሠረገላ ተንገላትታ የደረሰች እንግዳ የሰጠችው ፍርድ መሆኑን ማሰብ ይገባል፤ ምሽቱን ቆይታ ሰማዩን አይታ ቢሆን ሌላ ትጽፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስሟ የመጣው ኳርትዛይት ከሚባለው ድንጋይ ነው። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ መሐል ላይ ያለችው ‹‹ኤስ›› (s) ፊደል ፖስታ ቤቱ ሲመዘገብ በስህተት የገባች ናት ይባላል።

ሃይ ጆሊና ግመሎቹ

ከተማዋ ከሁሉ በላይ የምትኮራበት ሰው ሃጂ አሊ ነው፤ አሜሪካኖቹ ስሙን መጥራት ሲያቅታቸው ‹‹ሃይ ጆሊ›› አሉት። በኦቶማን ግዛት በ1828 ገደማ ከሶርያዊ አባትና ከግሪካዊት እናት ተወለደ፤ ሃጂ የተባለው መካ በመሳለሙ ነው። ኮንግረስ በ1855 በጦር ሚኒስትሩ በጄፈርሰን ዴቪስ ግፊት 30,000 ዶላር መድቦ ለደቡብ ምዕራቡ በረሃ ግመል እንዲገዛ ፈቀደ። በ1856 የመጀመሪያዎቹ ግመሎች ቴክሳስ ወደብ ላይ ሲራገፉ ሃጂ አሊ ከግመል ነጂዎቹ አንዱ ሆኖ አብሮ ወረደ። በ1857 በኤድዋርድ ቢል የሚመራ ጓድ ግመሎቹን ይዞ እስከ ካሊፎርኒያ ዘለቀ።

ሥራው ተሳክቶ ነበር። ግመሎቹ በቅሎ የማይችለውን ጭነት ተሸክመው፣ ያለ ውሃ ረጅም መንገድ ሄደዋል። ከአፋር ጨው በግመል ሲጓዝ ላየ ሰው ይህ ምንም አያስደንቅም፤ የአሜሪካ ጦር ግን እንደ አዲስ ግኝት ነበር የመዘገበው። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ወታደሮቹ ግመል መያዝ አያውቁም፣ ፈረሶችና በቅሎዎችም ሽታቸውን ሲያገኙ ይበረግጉ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ሲጀመር ጉዳዩ ተረሳ፤ ግመሎቹም ተሸጡ፣ አንዳንዶቹም በረሃ ላይ ተለቀቁ። ሃጂ አሊ ጥቂቶቹን ይዞ በኮሎራዶ ወንዝና በማዕድን ሰፈሮች መካከል ጭነት አመላለሰ፤ ቆይቶም ማዕድን ፈለገ። በ1880 ፊሊፕ ቴድሮ በሚል ስም የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። በ1902 እዚሁ ኳርትዝሳይት ውስጥ ሞቶ ተቀበረ።

በ1935 የአሪዞና አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በመቃብሩ ላይ ከአካባቢው ድንጋይ የተገነባ፣ ጫፉ ላይ የመዳብ ግመል የቆመበት ፒራሚድ አሠራለት። ከግመሎቹ የመጨረሻዋ ቶፕሲ አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዷ በሐውልቱ ውስጥ ተቀምጧል ይባላል። ወደ ኳርትዝሳይት የመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን መቃብር ይይ። ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ስሙ ተጣሞ እየተጠራ፣ በሰው አገር በረሃ ሙያውን ሠርቶ በክብር የተቀበረ ሰው ነው።

ከእርሱ ሞት በኋላ የማዕድኑ ሥራ ተዳክሞ ከተማዋ ለስድሳ ዓመት ያህል ጥቂት ቤተሰቦችና ነዳጅ ማደያ ይዛ ቆየች።

የድንጋይ ገበያውና ትርዒቱ

በ1967 የከተማዋ ልማት ማኅበር የከበሩ ድንጋዮችና የማዕድናት ትርዒት ጀመረ። ድንጋይ ሰብሳቢዎቹ ተሽከርካሪ ቤታቸውን ይዘው መጡ፤ ወዳጆቻቸውን ጠሩ፤ ነጋዴውም ተከተላቸው። ዛሬ በጥር በከተማዋ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ በተተከሉ ድንኳኖች ከአጌትና ከቱርኩዝ እስከ አሮጌ መዶሻ የማይሸጥ የለም። በጃንዋሪ አጋማሽና መጨረሻ ደግሞ ለዘጠኝ ቀናት ያህል በትልቅ ድንኳን ውስጥ የአርቪ ትርዒት ይካሄዳል። ከተማዋ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያገኘችው በ1989 ነው።

በወቅቱ ስንት ሰው እንደሚመጣ ስምምነት የለም። አንድ ሚሊዮን የሚል አኃዝ በብዛት ይጠቀሳል፤ አላፊ አግዳሚውንና የቀን ገበያተኛውን ጨምሮ ከሆነ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሌሊት ሜዳው ላይ የሚያድረው ግን ከዚያ እጅግ ያንሳል።

የረጅም ጊዜ ሰፈራው

ኳርትዝሳይትን ከሌሎች ሞቃት ቦታዎች የሚለያት ይህ ነው። በዙሪያዋ ያለው መሬት የሕዝብ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። ቢሮው በ1983 በአሪዞናና በደቡብ ካሊፎርኒያ ‹‹የረጅም ጊዜ ጎብኚዎች ሰፈር›› የሚባሉ ቦታዎችን ከለለ። ከእነዚህ ዋናው የኳርትዝሳይቱ ላ ፖሳ ሲሆን ወደ 46 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። የሙሉ ወቅት ፈቃድ ለብዙ ዓመታት 180 ዶላር፣ የሁለት ሳምንቱ ደግሞ 40 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ክፍያው ሊሻሻል ስለሚችል ከመነሳት በፊት ዩማ ያለውን ቅርንጫፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ180 ዶላሩ ቢሰላ ለሰባት ወር በወር 26 ዶላር አይሞላም። በአሜሪካ ምድር በዚህ ዋጋ በሰላም የሚታደርበት ሌላ ቦታ መጥቀስ ይከብዳል። በጡረታ ገንዘብ ብቻ የቤት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው ብዙ ሰዎችም ወደዚህ የሚመጡት ለዚህ ነው፤ ሜዳው ባለ ግማሽ ሚሊዮን ዶላሩን አውቶቡስና አሮጌውን ቫን ጎን ለጎን ያሳድራል።

በዚያ ዋጋ የሚገኘው መሬቱ ነው። የመጠጥ ውሃ መቅጃ፣ የፍሳሽ መድፊያና የቆሻሻ መጣያ አለ፤ መብራትና የውሃ መስመር ግን እያንዳንዱ ቦታ ድረስ አይመጣም። ስለዚህ ተሽከርካሪው ራሱን የቻለ መሆን አለበት፤ ቢያንስ 38 ሊትር የሚይዝ የፍሳሽ ታንከር በቋሚነት የተገጠመለት መሆን እንዳለበት ደንቡ ያዛል። በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ አራት ሜትር ተኩል መራቅ ግድ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጸጥታ ይከበራል፤ ጄኔሬተርም ይጠፋል። ብዙዎች ባትሪያቸውን የሚሞሉት በሶላር ነው፤ ደመና የሌለበት አገር ስለሆነ በቂ ነው።

መክፈል የማይፈልግ በዶም ሮክ፣ በስካዳን ዋሽና በፕሎሞሳ መንገድ አካባቢ በነጻ ይሰፍራል። እዚያ ግን ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድም፤ ውሃና መድፊያም የለም።

ከሌሎች ቦታዎች ጋር

መብራትና ውሃ ከነመስመሩ፣ ሱቅና ሐኪም በቅርብ የሚፈልግ ሰው 130 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወርዶ ዩማ ቢከርም ይሻለዋል። ዩማ በፀሐይ ብዛት በዓለም ከሚጠቀሱ ከተሞች አንዷ ናት፤ የአሜሪካ የብርድ ወራት ሰላጣ አብዛኛው የሚበቅለውም በእርሷ ዙሪያ ነው። ከዚያ ድንበሩን በእግር ተሻግሮ የሜክሲኮዋ አልጎዶነስ ይገባል፤ ኢንሹራንሳቸው ጥርስ የማይሸፍንላቸው ጡረተኞች እዚያ ይታከማሉ። ፓስፖርት መያዝ አይረሳ። በካሊፎርኒያ በኩል ያለው ስላብ ሲቲ በቀድሞ የባሕር ኃይል ወታደሮች ካምፕ ወለል ላይ የተመሠረተ ነጻ ሰፈር ሲሆን አስተዳዳሪም ደንብም የለውም፤ ለሽማግሌ አልመክረውም። የቴክሳሱ ሪዮ ግራንዴ ሸለቆ እርጥበት ቢኖረውም ማኅበራዊ ኑሮው የሞቀ ነው። ፍሎሪዳ ውድ ነው።

ኳርትዝሳይት ውስጥ ሆስፒታል የለም፤ ወደ ሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ፓርከር አላት። መደበኛው ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ በየግዛቱ ይሠራል። በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ያለው ሰው ግን ከድንገተኛ አደጋ በቀር ከአካባቢው ውጭ ላይሸፈን ስለሚችል፣ ከመነሳቱ በፊት ደውሎ ይጠይቅ። የሚወሰድ መድኃኒትም ለሦስት ወር ተሞልቶ ቢመጣ ይመረጣል።

ለሐበሻ ጡረተኛ

ከሎስ አንጀለስ ፊኒክስ በሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚሠሩ፣ በመንገዱ ዳር ባሉት ማረፊያዎች አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። ሜዳው ላይ የሚከርም ሐበሻ ግን ገና ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያንና የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ፊኒክስ ይገኛል፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ስለሚበላ በመጠነኛ የሶላር ባትሪ አይሞከርም። እንጀራውን ከፊኒክስ ገዝቶ ማድረቅና ለፍርፍር ማስቀመጥ፣ ወይም ጄኔሬተር በተፈቀደበት ሰዓት መጋገር ነው። ጀበና በጋዝ ይሠራል።

ጥምቀት በጃንዋሪ 19 ትርዒቱ በሚደራበት ሰሞን ይውላል። በዓሉን ፊኒክስ ማክበር የሚፈልግ ሰው ዋዜማውን በማለዳ ይውጣ፤ ከቀትር በኋላ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሰልፍ ለአንድ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።