የህብለ ሰረሰር ጉዳት ምንድን ነው?

አከርካሪና ህብለ ሰረሰር በወሬ ላይ ይደባለቃሉ እንጂ ጉዳታቸው አንድ አይደለም። አከርካሪ ከአንገት እስከ ጭራ አጥንት የተደረደሩት 33 አጥንቶች ናቸው፦ 7 በአንገት፣ 12 በደረት፣ 5 በወገብ፣ የቀሩት 9 ደግሞ ከወገብ በታች እርስ በርስ የተጣበቁ። ህብለ ሰረሰር በእነዚህ አጥንቶች ቦይ ውስጥ የሚወርደው ለስላሳ የነርቭ ገመድ ሲሆን በአዋቂ ሰው አንደኛው ወይም ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል።

አጥንቱ ተሰብሮ ገመዱ ሳይነካ ሊተርፍ ይችላል። የሚያስፈራውም ይኸኛው ሰው ነው። እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ «ምንም አልሆንኩም» ይላል፣ ሊነሳም ይሞክራል። ቦታውን የለቀቀው አጥንት በዚያች ቅጽበት ተንሸራቶ ገመዱን ሊጨፈልቀው ይችላል።

ገመዱ ሲጎዳ ውጤቱ የሚወሰነው በቦታው ከፍታ ነው። የደረት ጉዳት እግርን ያሽመደምዳል፤ የአንገት ጉዳት እጅንም ይጨምራል። ድያፍራምን (ከሳንባ ሥር ያለውን ዋና የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከ3ኛው እስከ 5ኛው የአንገት ነርቭ ስለሚመጣ፣ ከዚያ በላይ ክፉኛ የተጎዳ ሰው በራሱ መተንፈስ አይችልም። ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር በሁሉም ከፍታ ሊታወክ ይችላል። ጉዳቱ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል የሚለውን ሐኪም የሚለየው በፊንጢጣ ዙሪያ ስሜትና የጡንቻ መኮማተር መኖሩን በመፈተሽ ነው፤ እዚያ የቀረ ስሜት ወይም መኮማተር ካለ ጉዳቱ ከፊል ነው፣ የማገገም ተስፋውም የተሻለ ነው።

ከከፍታ የወደቀ፣ በመኪና የተገጨ፣ ወይም ጥልቀት በሌለው ውሃ በጭንቅላቱ የዘለለ ሰው አንገቱን ካመመው፣ እጅና እግሩ ከደነዘዘው፣ ወይም ራሱን ከሳተ አከርካሪው እንደተጎዳ ቆጥሮ መርዳት ይገባል። እሳት ወይም ሌላ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ አያንቀሳቅሱት። ፊት ለፊት ቀርበው ያናግሩት፤ ከጎን ከተጠራ አንገቱን ያዞራል። ከራስጌው ተንበርክከው ክርናችሁን መሬት ላይ አስደግፉና ራሱን በሁለት መዳፍ ግራና ቀኝ ያዙት፣ ጆሮውን ግን አትሸፍኑ። አንገቱ ከተጣመመ በኃይል አታቅኑት። ሄልሜት ካደረገ ትንፋሹን እስካልከለከለ ድረስ አይወልቅም። መተንፈስ ካቆመ ግን ቅድሚያው ለትንፋሽ ነው፦ ራሱን ወደኋላ ሳትቀለብሱ መንጋጋውን ከጆሮው ሥር ወደፊት ግፉ፣ ካልሆነ የልብና የሳንባ ማነቃቃት (ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት) ጀምሩ።

ካስታወከ በጎኑ መዞር አለበት። አንዱ ራሱን ይይዛል፣ ሌሎቹ ትከሻውን፣ ዳሌውንና ጉልበቱን ይይዛሉ፤ ትዕዛዝ የሚሰጠው ራስ የያዘው ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዞሩታል። በብብትና በእግር ተሸክሞ መኪና ወንበር ላይ ማስቀመጥ በደግነት የሚደረግ ከባድ ስህተት ነው፤ ወገብ ይታጠፋል፣ ራስ ይንጠለጠላል። ውሃም አያጠጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

መከላከሉ በአብዛኛው ትንንሽ ልማድ ነው። የመኪና ቀበቶ የታችኛው ጥብጣብ በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ ይለፍ። የራስ መደገፊያው ጫፍ ከራስ አናት ጋር ይስተካከል፣ ከማጅራትም አይራቅ። ዝቅ ብሎ የቀረ መደገፊያ ከኋላ ሲገጩ አንገትን ወደኋላ ከመቀልበስ አያድንም። መሰላል የሚደገፍበት ቦታ 4 ሜትር ከፍታ ካለው እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል። ጥልቀቱን በማያውቁት ውሃ በእግር እንጂ በጭንቅላት አይገባም። የሳሳ አጥንት ላላቸው አረጋውያን ደግሞ ተራ መውደቅ ይበቃል፤ የሚንሸራተት ምንጣፍና ጨለማ መተላለፊያ ቀድሞ የሚስተካከለው ለዚህ ነው።

ያለ አደጋም የሚመጣ አጣዳፊ ጉዳይ አለ። የወገብ ዲስክ (በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ) ተንሸራቶ ከህብለ ሰረሰር ጫፍ በታች የሚወርደውን የነርቭ ጥቅል ሲጫን በጭኖች መሃል መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ማምለጥ፣ የሁለቱም እግር ድካም ይታያል። ይህ ከተራ የወገብ ሕመም ጋር አይቆጠርም፤ ጫናው ቶሎ ካልተነሳ ሽንትን መቆጣጠር ላይመለስ ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይኬዳል።