«ዋሱ ሞተዋል፤ ዋስትናውም አብሮ ተቀብሯል» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉ

ይህን አባባል ከለቅሶ ቤት መጥቶ የማይነግረኝ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጠበቃ ነኝና አስረዳለሁ፤ የሚያበሳጨኝ ንብረቱን ተካፍለው ከጨረሱ በኋላ መምጣታቸው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 826 የሟች መብትና ግዴታ፣ በሞት የሚቋረጡት ሲቀሩ፣ ለወራሾች ይተላለፋል ይላል። ለቤት ብድር የተፈረመ ዋስትና የገንዘብ ግዴታ ነው፤ ከፈራሚው ጋር አይሞትም። አንዲት ደንበኛዬ አባቷ ለወንድማቸው ልጅ የቤት ብድር ዋስ መሆናቸውን ታውቅ ነበር። ሲያርፉ ግን «እንግዲህ አበቃ» ብለው እሷና ወንድሞቿ የአባታቸውን መኪና ሸጠው ተካፈሉ። ተበዳሪው መክፈል ሲያቆም መጥሪያው እነሱ ዘንድ መጣ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። እኔ የፈለግሁት የዋስትና ውሉን ነበር፤ ከመካከላቸው ያነበበው አልነበረም።

ውሉን አንብቡ! በዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትናው የተሰጠበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ውሉ አይጸናም፤ ከተጻፈም ዋስትናው ከዚያ አያልፍም። ቀጥሎ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ፈልጉ። ካለ፣ ባንኩ ተበዳሪውን ሳያስጨንቅ፣ ቤቱንም ሳይሸጥ በቀጥታ ወደ ውርሱ ሊመጣ ይችላል። ሟች ባለትዳር ከነበሩ የትዳር ጓደኛቸው መስማማታቸውንም እዩ፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 ከ500 ብር ለሚበልጥ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል።

«ከደመወዜ ሊቆርጡ ነው?» በመርሕ ደረጃ የሟች ዕዳ የሚከፈለው ከውርሱ ንብረት ነው። ምንም ያልወረሰ ከኪሱ አይከፍልም።

«ኢንሹራንስ አለው።» ከቤት ብድር ጋር የሚገባው የሕይወት መድን አብዛኛውን ጊዜ የተበዳሪውን ሞት እንጂ የዋሱን አይሸፍንም።

«ዋስ ከሞተ ባንኩ ቤቱን ይወስዳል።» ተበዳሪው ወርሃዊ ክፍያውን እየከፈለ ከሆነ የዋሱ ሞት ብቻውን ቤት አያሸጥም። እንደ ውሉ ሌላ ዋስ እንዲያቀርብ ሊጠየቅ ግን ይችላል።

ሟች ፊርማቸውን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ቤት በመያዣ ሰጥተው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ማንም ይውረሰው፣ መያዣው ከቤቱ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ ከመካፈላችሁ በፊት ቀሪ ዕዳው ስንት እንደሆነ ባንኩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ውርስ አጣሪ ካለ ዋስትናውን እንዲመዘግበው አድርጉ። በዋስነት የከፈለ ሰው ከተበዳሪው የማስመለስ መብት አለውና ደረሰኝ አትጣሉ። ያቺ ደንበኛዬ ድርሻዋን ከፍላ፣ አሁን የአጎቷን ልጅ ከሳዋለች።