የአውሮፓና የአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ ለምን ይጋጫል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካና በርካታ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ በኔቶ የጦር ቃል ኪዳን ተሳስረው ይኖራሉ። ይሁን እንጂ የኢራቅ፣ የኢራን፣ የሩሲያ ጋዝ ወይም የዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር በአደባባይ ይጋጫሉ። የጠቡ ምክንያት ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ሰው የሚሰጠው መልስ የጠባይ መልስ ነው፤ አንደኛው ወገን ቸኩሎ የሚመታ፣ ሌላኛው ታግሦ የሚደራደር ተደርጎ ይሣላል። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ልዩነቱ የሚመጣው እያንዳንዱ በጊዜው ከያዘው አቅም፣ ከተቀመጠበት ምድር፣ ካሳለፈው መከራና ካሰረው የአገር ውስጥ ሕግ ነው፤ እነዚህ ሲለወጡ አቋሙም እንደሚለወጥ ታሪኩ በግልጽ ያሳያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አሜሪካ ጦርነት ትወዳለች፣ አውሮፓ ደግሞ ሰላም»

ይህን አመለካከት ያጸናው የ2003ቱ የኢራቅ ጦርነት ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዶሚኒክ ደ ቪልፓን በጸጥታው ምክር ቤት ጦርነቱን ተቃውመው ሲናገሩ በዚያ አዳራሽ ባልተለመደ ሁኔታ ተጨበጨበላቸው፤ በማግሥቱም በለንደን፣ በሮምና በማድሪድ እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ታሪኩን ከዚህ ቀን የጀመረ ሰው አውሮፓ የሰላም፣ አሜሪካ የጦርነት ወገን ናቸው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሆኖም አርባ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ብንመለስ ሁለቱን ቦታ ተለዋውጠው እናገኛቸዋለን።

ጁላይ 26 ቀን 1956 የግብጹ መሪ ጋማል አብደል ናስር የስዊዝ ቦይን ሲያስተዳድር የኖረውን ኩባንያ ወረሱ። የኩባንያው ዋና ባለድርሻዎች የእንግሊዝ መንግሥትና ፈረንሳውያን ባለሀብቶች ነበሩ። ነገሩን በንግግር ለመፍታት በለንደን ጉባኤ ተጠርቶ፣ በአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር በሮበርት ሜንዚስ የተመራ የአምስት አገሮች ልዑክ በሴፕቴምበር ወደ ካይሮ ተላከ። ከአምስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን የወከሏትም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። ናስር የቀረበላቸውን ሐሳብ አልተቀበሉም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከእስራኤል ጋር በምስጢር ተስማሙ፤ በስምምነታቸውም መሠረት የእስራኤል ጦር ኦክቶበር 29 ቀን ወደ ሲና ገባ፣ ሁለቱ ደግሞ ተዋጊዎቹን ለማገላገል የመጡ መስለው የግብጽን የአየር ማረፊያዎች ደበደቡ።

በዚህ ጊዜ «ተኩስ ይቁም» ብላ የተነሣችው አሜሪካ ናት። በጸጥታው ምክር ቤት ያቀረበችውን የውሳኔ ሐሳብ እንግሊዝና ፈረንሳይ ድምፅን በድምፅ በመሻር (በቬቶ) መብታቸው ጣሉት። ጉዳዩ ወደ ጠቅላላው ጉባኤ ተወሰደና ኖቬምበር 2 ቀን የአሜሪካ የውሳኔ ሐሳብ በ64 ድጋፍና በ5 ተቃውሞ አለፈ፤ የተቃወሙትም ሦስቱ ወራሪዎች፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ብቻ ነበሩ። የጉባኤው ድምፅ ብቻውን ጦር አላስቆመም። ያስቆመው ገንዘብ ነው። የእንግሊዝ ፓውንድ በገበያ ላይ ሲናወጥ ለንደን ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ገንዘብ ማውጣት ፈለገች፤ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር መንግሥት ግን ተኩሱ ሳይቆም ድጋፍ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ዘመቻውን አጥብቀው ከደገፉት አንዱ የነበሩት የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ማክሚላን ራሳቸው ነገሩ መቆም እንዳለበት ለካቢኔው ተናገሩ። ወታደሮቹ ፖርት ሰኢድ ገብተው ወደ ደቡብ መገስገስ እንደጀመሩ ኖቬምበር 6 ቀን ተኩስ እንዲቆም ተወሰነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደንም በጃንዋሪ 1957 ከሥልጣናቸው ወረዱ።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ያን ጊዜ የቅኝ ግዛት ባለቤቶች ስለነበሩ የሚያስቡት እንደ ባለቤት ነው። አሜሪካ በበኩሏ የምትፈራው አዲስ ነፃ የወጡት የአረብና የእስያ አገሮች ወደ ሞስኮ እንዳይሸሹ ነበር። አይዘንሃወር የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የመሩ ጄኔራል እንጂ ጦርን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም፤ ኤደንም በጠብ ወዳድነት የሚታወቁ አልነበሩም። ጦር መምዘዝ የሚቻለው አገር በርቀት ያለን አደጋ በጉልበት ማስወገድን እንደ አንድ ምርጫ ይቈጥረዋል፤ ያ አቅም የሌለው ደግሞ አደጋውን በድርድር መያዝ ወይም ችሎ መኖር ይቀለዋል። አቅሙና ምክንያቱ ሲገናኙ አውሮፓውያንም ይዋጋሉ። በ1999 በኮሶቮ ጉዳይ ከዩጎዝላቪያ ጋር በተደረገው ጦርነት ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ተሳትፈዋል፤ በ2011 በሊቢያ ላይ ከሁሉ በላይ የገፉት ፓሪስና ለንደን ሲሆኑ ዋሽንግተን መጀመሪያ ላይ አመንትታ ነበር፤ በጃንዋሪ 2013 ደግሞ ፈረንሳይ በባማኮ መንግሥት ጥያቄ ጦሯን ማሊ አስገብታለች።

«ጠቡ የጀመረው በኢራቅ ነው፣ ወይም በዶናልድ ትራምፕ»

ይህ በአጭሩ የሚታረም ስሕተት ነው። ፕሬዚዳንት ደ ጎል በ1966 ፈረንሳይን ከኔቶ የጋራ የጦር እዝ አውጥተው የአሜሪካን ወታደሮች ከአገራቸው አስወጥተዋል፤ የድርጅቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ከፓሪስ ወደ ብራስልስ የተዛወረው በዚሁ የተነሣ ነው። በ1982 የሬገን መንግሥት ከሶቭየት ኅብረት ጋዝ የሚያመጣውን ቧንቧ በሚሠሩ የአውሮፓ ኩባንያዎች ላይ ማዕቀብ ሲጥል፣ የፕሬዚዳንቱ የቅርብ ወዳጅ የነበሩት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር እንኳ ተቃውመዋል። በኤፕሪል 1986 ሊቢያን ሊደበድቡ ከእንግሊዙ ሌከንሂዝ የተነሡት የአሜሪካ ኤፍ 111 አውሮፕላኖች ፈረንሳይና ስፔን በሰማያቸው እንዳያልፉ ስለከለከሏቸው፣ በአትላንቲክ ዞረው በጂብራልታር ሰርጥ ገብተው፣ ነዳጅ በአየር ላይ እየተቀበሉ ደርሶ መልሱ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ሰማይ የከለከሉት ሁለቱም የኔቶ አባላት ነበሩ።

«አውሮፓ በአንድ ድምፅ ይናገራል»

የ2003ቱ ክርክር ብዙውን ጊዜ «አሜሪካና አውሮፓ ተጋጩ» ተብሎ ይነገራል፤ የአውሮፓ መንግሥታት ግን ለሁለት ተከፍለው ነበር። የአሜሪካው የመከላከያ ሚኒስትር ዶናልድ ራምስፌልድ ፈረንሳይንና ጀርመንን «አሮጌዋ አውሮፓ» ካሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን፣ የእንግሊዝ፣ የስፔን፣ የጣሊያን፣ የፖርቹጋል፣ የዴንማርክ፣ የፖላንድ፣ የሃንጋሪና የቼክ መሪዎች አሜሪካን የሚደግፍ ደብዳቤ በጋራ አወጡ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሊገቡ የተሰለፉትን የምሥራቅ አገሮች ዝም የሚሉበት ጥሩ አጋጣሚ አመለጣቸው ብለው በአደባባይ ገሠጿቸው፤ ቃሉ በዋርሶና በፕራግ እንደ ስድብ ተቈጠረ።

ለምን ተለያዩ ቢባል የየአገሩን ትዝታ ማየት ይበቃል። ጀርመን በገዛ እጇ ያመጣችውን ጥፋት ስለምታስታውስ ወታደር ወደ ውጭ መላክ ይከብዳታል፤ በ1994 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በሰጠው ውሳኔ መሠረትም የጦር ኃይሏ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይዘምትም። ቼኮች የሚያስታውሱት እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1938 ሙኒክ ላይ አገራቸውን ቈርሰው ለሂትለር መስጠታቸውን ነው። ፖላንዶች ደግሞ በ1939 ሁለቱ አገሮች ስለ እነርሱ ጦርነት ቢያውጁም ዋርሶን እንዳላዳኑ አይረሱም። እነዚህ ሕዝቦች ከጎረቤቶቻቸው ቃል ይልቅ ማዶ ያለችውን ኃያል አገር ቢያምኑ ምክንያት አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት የውጭ ፖሊሲ ውሳኔዎች በመሠረቱ የሃያ ሰባቱን አባላት ስምምነት የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ ከብራስልስ የሚወጣው ለስላሳ ቋንቋ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ይህን ሁሉ ትዝታ በአንድ ወረቀት ላይ የማስማማቱን ችግር ነው።

«አውሮፓ በአሜሪካ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ትኖራለች»

በዚህኛው ውስጥ እውነት አለ፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ሴናተር ማይክ ማንስፊልድ በ1971 አውሮፓ ውስጥ ያለው የአሜሪካ ጦር በግማሽ ይቀነስ ያሉት አውሮፓውያን ራሳቸውን ለመጠበቅ በቂ ወጪ አያወጡም በማለት ነው። የኔቶ አባላት ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 2 ከመቶውን ለመከላከያ ለማዋል በዌልስ በተስማሙበት በ2014፣ ያን መጠን ያሟሉት አሜሪካ፣ እንግሊዝና ግሪክ ብቻ ነበሩ። የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ካስደነገጣቸው በኋላ በጁን 2025 በሄግ እስከ 2035 ወደ 5 ከመቶ ለማድረስ ቃል ገብተዋል።

ይህ ማለት ግን አውሮፓውያን ለአሜሪካ ያደረጉት ነገር የለም ማለት አይደለም። በአንዱ ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቈጠራል የሚለው የቃል ኪዳኑ አምስተኛ አንቀጽ በታሪኩ የተጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2001፣ ለአሜሪካ ሲባል። ከዚያ ወር በኋላ እስከ ሜይ 2002 አጋማሽ ድረስ የአሜሪካን ሰማይ ሲቃኙ ከነበሩት መካከል የኔቶ የራዳር አውሮፕላኖች ነበሩ፤ በውስጣቸው የተቀመጡት ብዙዎቹ ባለሙያዎች አውሮፓውያን ናቸው። አፍጋኒስታን ውስጥ እንግሊዝ 457 ወታደሮቿን ቀብራለች፤ ሕዝቧ ስድስት ሚሊዮን ገደማ የሆነው ዴንማርክ ከአርባ በላይ ልጆቿን አጥታለች። በሌላ በኩል እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1998 መገባደጃ በሳን ማሎ ተገናኝተው አውሮፓ የራሷ የጦር አቅም ይኑራት ሲሉ፣ የአሜሪካዋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማድሊን ኦልብራይት አዲሱ አቅም ኔቶን የሚደግምና ከአሜሪካ የሚነጥል እንዳይሆን አስጠንቅቀው ነበር። ዋሽንግተን የምትሻው ብዙ የምታወጣ ግን ብቻዋን የማትቆም አውሮፓን ነው፤ ሁለቱን በአንድነት ማግኘት ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

«ማዕቀብን የሚቃወሙት ለንግዳቸው ብቻ ብለው ነው»

የንግድ ጥቅም እንዳለበት አይካድም። የክርክሩ ፍሬ ነገር ግን የአንድ አገር ሕግ በሌላ አገር ዜጋ ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል ነው። አሜሪካ በ1996 ከኩባ ጋር የሚነግዱ የውጭ ኩባንያዎችን የሚነካ ሕግ ስታወጣ የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ኩባንያዎቹ ሕጉን እንዳያከብሩ የሚከለክል ደንብ አወጣ። በሜይ 2018 ዋሽንግተን ከኢራን የኑክሌር ስምምነት ስትወጣ ኅብረቱ ይህንኑ ደንብ ወደ ሥራ ቢመልስም ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከኢራን ወጡ፤ በዶላር የሚሠራ ባንክ የአሜሪካን ቅጣት ከብራስልስ ደንብ አብልጦ ይፈራልና።

«ሕግ የምታከብረው አውሮፓ ናት፣ አሜሪካ ለሕግ ደንታ የላትም»

አሜሪካ የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ስምምነት በ2000 የመጨረሻ ቀን ፈርማ በ2002 እንደማትገዛበት አስታውቃለች፤ የኪዮቶውን የአየር ንብረት ስምምነትም አላጸደቀችም። አውሮፓውያን ይህን እንደ ቃል ማጠፍ ያዩታል። ሊታወቅ የሚገባው ግን የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻውን አገሪቱን እንደማያስር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንድ ውል እንዲጸድቅ የሴኔቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ የኪዮቶው ጉባኤ ገና ሳይሰበሰብ በጁላይ 1997 ሴኔቱ ታዳጊ አገሮችን የማያስገድድ ስምምነት እንደማይቀበል በ95 ለ0 ድምፅ ገልጾ ነበር። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ራሳቸው የደከሙበትን የመንግሥታት ማኅበር አሜሪካ ያልገባችበትም በዚሁ ሴኔት እንቢታ ነው።

የአውሮፓን የሕግ አክባሪነት በሚመለከት ደግሞ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ከሆነች ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ወረረቻት። ማኅበሩ ጣሊያንን ጥፋተኛ ብሎ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን ከማዕቀቡ ውጭ አደረገ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከማኅበሩ ውጭ ያለችው አሜሪካ ነዳጁን ትሸጣለች የሚል ነበር፤ በእርግጥም የአሜሪካ ነዳጅ ለጣሊያን መሸጡ በእነዚያ ወራት ጨምሯል። የእንግሊዝ ጦር የሚጠብቀው ያው የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን የጦር መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። በዲሴምበር 1935 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ በምስጢር አዘጋጁ፤ ዕቅዱ በጋዜጣ ሲጋለጥ ሆር በሕዝብ ቁጣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ቆመው ሲናገሩ አዲስ አበባ ተይዛ ነበር፤ በቀጣዩ ወር ማዕቀቡ ተነሣ። የማኅበሩ ምሰሶዎች እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1938 ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን ተቀበሉ፤ ማኅበሩ ውስጥ ፈጽሞ ያልገባችው አሜሪካ ግን እስከ መጨረሻው ዕውቅና አልሰጠችም።